ስለ ጡት ነቀርሳ አካሄድና ስለ ሕዋስ ኬላዎች

በዶካ ለተሰበሰቡ መምህራንና የትምህርት ሹማምት በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር የተደረገ ንግግር




ማኅበራችን ከሳይንስ ትምህርት አንድ ርእስ መርጬ በዚህ ስብሰባ እንድናገር ባዘዘኝ ጊዜ፥ አያሌ ርእሶች በሐሳቤ ተመላለሱ። ስለ ዝናምና ስለ አፈር፥ ስለ ወባና ስለ ንጹሕ ውሃ መናገር ይቻል ነበር፤ ሁሉም ለዶካና ለአካባቢዋ የሚጠቅሙ ናቸው። ነገር ግን ስለ እነዚህ ብዙ ጊዜ ይነገራል፥ ይጻፋልም። በሹክሹክታ ብቻ የሚወራ፥ በአደባባይ ግን ስሙ የማይነሣ አንድ በሽታ ስላለ እርሱን መረጥሁ። ይኸውም የጡት ነቀርሳ ነው።

ምናልባት ከመካከላችን «ይህ የሐኪም እንጂ የመምህር ጉዳይ አይደለም» የሚል ይኖር ይሆናል። ሐኪም በሽተኛዋን የሚያገኛት ወደ እርሱ በመጣች ጊዜ ነው። መምህር ግን ከዚያ አስቀድሞ በመንደሯ አለ፤ ልጆቿን ያስተምራል፥ ደብዳቤዋን ያነብላታል፥ ምክርም ትጠይቀዋለች። በዚህ በሽታ ደግሞ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ «መቼ መጣች?» የሚለው ነው። ስለዚህ በሽታው እንዴት እንደሚጀምርና ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚገፋ ማወቅ ለመምህር ትርፍ ዕውቀት ሳይሆን የሥራው ክፍል ነው።

የርእሱ ስም በጉባኤ መካከል መነሣቱ የሚያሳፍረው ሰው ቢኖር፥ የገዛ ባህላችንን ያስታውስ። ሰው ከአብራኩ ያልወጣውን ልጅ ተቀብሎ ሲያሳድግ «የጡት ልጅ» ይለዋል፤ ተቀባዩም «የጡት አባት» ይባላል። ይህ ዝምድና በሽማግሌዎች ፊት በቃል ኪዳን የሚጸና፥ እንደ ሥጋ ዝምድና የሚከበር ነው። እንግዲህ ቃል ኪዳን የታሰረበት ስም፥ ሕይወትን ለማዳን ሲጠራ የሚያሳፍርበት ምክንያት የለም።

ስለ በሽታው ስምም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በአማርኛ «የሳንባ ነቀርሳ» እንላለን፤ «የጡት ነቀርሳ»ም እንላለን። በዚህ የስም መመሳሰል ምክንያት ብዙ ሰው ሁለቱን በሽታዎች አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ የጡት ነቀርሳ የያዛትንም ሴት ኩባያዋን ይለያል፥ መኝታዋን ያርቃል። የሳንባ ነቀርሳ ሮበርት ኮክ በ1882 ዓ.ም. ባገኘው ረቂቅ ተሕዋስ የሚመጣና በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ነው። የጡት ነቀርሳ ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በኩባያም፥ በመኝታም፥ በእንክብካቤም አይጋባም። ዛሬ ብዙዎች «ካንሰር» የሚሉት ይህንኑ ነው። በዚህ አገር የሚነገረው ዐረብኛ «ሰረጣን» ይለዋል፤ ትርጓሜው ሸርጣን የተባለው የውሃ እንስሳ ነው፤ የግሪኩም ጥንታዊ ስም ያንኑ ማለት ነው። (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የበሽታውን ስፋት በጥቂት ቍጥር ላመልክት። በዓለም የጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም ባወጣው ግምት መሠረት፥ በ2020 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ 2.3 ሚሊዮን ያህል ሴቶች በዚህ በሽታ አዲስ ተይዘዋል፤ 685,000 ያህሉም ሞተዋል። በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ አዲስ የተያዙት ከ16,000 በላይ እንደ ሆኑ ተገምቷል። በኢትዮጵያም ሆነ በሱዳን በሴቶች ላይ ከሚደርሱት የነቀርሳ ዐይነቶች ሁሉ በብዛት የሚቀድመው ይህ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። የሰው አካል ከብዙ ትሪሊዮን ሕዋሳት የተሠራ ነው። ማናቸውም ሕዋስ የሚገኘው ከሌላ ሕዋስ በመከፋፈል ነው። ሕፃን የሚያድገው፥ ቁስል የሚሽረው፥ በእርግዝና ጊዜም ጡት ለወተት የሚዘጋጀው በዚሁ መከፋፈል ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ አስኳል ውስጥ 46 ክሮሞዞሞች አሉ፤ በእነዚህም ላይ ስድስት ቢሊዮን ያህል ፊደላት ያሉት ጽሕፈት ሰፍሯል። ከዚህ ጽሕፈት ውስጥ ለአንድ ፕሮቲን መሥሪያ ትእዛዝ የሚሆነውን ክፍል ዘረ መል ወይም ጂን እንለዋለን፤ በሰው ዘንድ እንዲህ ያሉት 20,000 ያህል ናቸው።

ሕዋስ ሊከፋፈል ሲል ይህን ሁሉ ጽሕፈት ከዳር እስከ ዳር መገልበጥ አለበት። ብራና ዘርግቶ መጽሐፍ የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊን አስቡ። ምንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን አልፎ አልፎ ፊደል ይስታል፤ አንዳንድ ጊዜም መሥመር ይዘልላል፥ ወይም አንዱን መሥመር ሁለት ጊዜ ይጽፋል። ስለዚህ ከጸሐፊው በኋላ የሚያርም መምህር ያስፈልጋል። በሕዋስም ዘንድ እንደዚሁ ነው።

የሕዋስ መከፋፈል በአራት ክፍሎች ይፈጸማል። በመጀመሪያው ክፍል ሕዋሱ ያድጋል፥ ስንቁንም ያዘጋጃል። በሁለተኛው ክሮሞዞሞቹን ይገለብጣል። በሦስተኛው የተገለበጠው ትክክል መሆኑ ይመረመራል። በአራተኛው ሕዋሱ ለሁለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ልጅ ሕዋስ ሙሉ ቅጂ ይዞ ይሄዳል። ሳይንቲስቶች እነዚህን ክፍሎች ጂ አንድ፥ ኤስ፥ ጂ ሁለትና ኤም ይሏቸዋል። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው መተላለፍ በዘፈቀደ አይደለም፤ በመካከላቸው ኬላ አለ። ከገላባት ወደ መተማ የተሻገረ ሰው ሁሉ ኬላ ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ወረቀቱ ያልተሟላ ይቆማል፥ የተሟላለት ያልፋል። ሕዋስም በየኬላው «አድገሃልን? ጽሕፈትህ አልተበላሸምን? ቅጂህ ሙሉ ነውን?» ተብሎ ይጠየቃል።

ይህ ሥርዓት የተገለጠበት መንገድ ለእኛ የሚያስደስት ታሪክ አለው፤ በመጀመሪያ የተጠናው በሰው ሕዋስ ሳይሆን በእርሾ ነውና። ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ሊላንድ ሃርትዌል የተባለው አሜሪካዊ፥ ዳቦ የሚያቦካውንና መጠጥ የሚያፈላውን እርሾ እየመረመረ፥ መከፋፈሉ በአንድ ቦታ ላይ ቀጥ የሚል እርሾ ለየ። ከዚህም መከፋፈልን የሚገዙ አያሌ ዘረ መሎች ተገኙ። በ1970ዎቹ ፖል ነርስ የተባለው እንግሊዛዊ በሌላ የእርሾ ዐይነት ላይ ሠራ፤ በ1987 ዓ.ም. ደግሞ ያንኑ ዋና ዘረ መል በሰው ሕዋስ ውስጥ አገኘው። የዚያ እርሾ የሳይንስ ስም «ፖምቤ» ነው፤ ቃሉም በስዋሂሊ ጠላ ማለት ነው፤ እርሾው በመጀመሪያ የተለየው ከምሥራቅ አፍሪካ ጠላ ስለ ነበር። ቲም ሀንት የተባለው ሌላው እንግሊዛዊ በ1982 ዓ.ም. የባሕር እንስሳ ዕንቍላል ሲመረምር፥ በእያንዳንዱ መከፋፈል ጊዜ እየበዙ ሄደው በድንገት የሚጠፉ ፕሮቲኖች አየ፤ ሳይክሊን ብሎም ሰየማቸው። ሦስቱም በ2001 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። እንግዲህ በጋን ውስጥ ያለው እርሾና የእናት ጡት ሕዋስ የሚከፋፈሉት በአንድ ዐይነት ሥርዓት ነው ማለት ነው።

ይህ ሥርዓት እንዲህ ይሠራል። በሕዋስ ውስጥ ሲዲኬ የሚባሉ ኢንዛይሞች አሉ፤ ነገር ግን ብቻቸውን ሥራ ፈት ናቸው። ሳይክሊን ሲደርስላቸው ይሠራሉ። በገዳሪፍ ሜዳ ላይ ትራክተር ቆሞ ቢውል ሹፌር ካልወጣበት አያርስም፤ ሲዲኬ ትራክተሩ፥ ሳይክሊን ሹፌሩ ነው። በመጀመሪያው ኬላ ላይ አርቢ የሚባል ፕሮቲን ዘበኛ ሆኖ ይቆማል፤ የመገልበጥን ሥራ የሚያስጀምሩትንም ፕሮቲኖች አስሮ ይይዛል። ከውጭ «እደግ» የሚል ትእዛዝ ሲመጣ፥ ሳይክሊን ዲ ይበዛል፤ ሲዲኬ አራትና ሲዲኬ ስድስት ከሚባሉት ጋር ተጣምሮም በአርቢ ላይ ፎስፌት ይለጥፍበታል። ያን ጊዜ የአርቢ እጅ ይላላል፤ የታሰሩት ይፈታሉ፥ ኬላውም ይከፈታል። ፒ ዐሥራ ስድስት የሚባለው ሌላ ፕሮቲን ደግሞ ትራክተሩ ያለ ልክ እንዳይሄድ ፍሬን ይይዛል።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ፒ ሃምሳ ሦስት የሚባል ተቆጣጣሪ አለ። በ1979 ዓ.ም. ተገኘ፤ ትክክለኛ ሥራው ግን የታወቀው ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ ነው። ጽሕፈቱ ተበላሽቶ ሲያገኝ ፒ ሃያ አንድ የተባለውን ረዳት ያስነሣና መከፋፈሉን ያስቆማል፤ ጊዜም ሰጥቶ ያሳርማል። ጥፋቱ የማይታረም ሲሆን ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያዝዛል። ይህ ጭካኔ አይደለም፤ አንድ ሕዋስ ጠፍቶ አካል እንዲድን ነው።

እንግዲህ ነቀርሳ ማለት በእነዚህ ዘረ መሎች ላይ በሚደርስ ለውጥ ምክንያት ኬላውን ጥሶ የሚከፋፈል የሕዋስ ዘር ነው። ለውጡም በሁለት ወገን ነው። አንደኛው የሚያስነዱ ዘረ መሎች ከልክ በላይ ሲበረቱ ነው፤ ሁለተኛው የሚያቆሙ ዘረ መሎች ሲጠፉ ነው። ለማስነዳት ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱ መለወጡ ይበቃል፤ ፍሬኑ እንዲጠፋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ቅጂዎች መጥፋት አለባቸው። ይህንን አልፍሬድ ክኑድሰን የተባለው ሐኪም በ1971 ዓ.ም. የሕፃናትን የዐይን ነቀርሳ አጥንቶ አመለከተ፤ ዘበኛው አርቢ ስሙን ያገኘውም ከዚያ ከዐይን በሽታ ነው።

በጡት ውስጥ ነገሩ እንዴት ይሄዳል? የጡት ነቀርሳ በአብዛኛው የሚጀምረው የወተት ቱቦዎችን ከውስጥ በሚሸፍኑት ሕዋሳት ነው። በመጀመሪያ ሕዋሳቱ ከልክ በላይ ይበዛሉ፤ ቀጥሎም መልካቸው እየተለወጠ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ቱቦውን ሞልተው፥ ነገር ግን ቱቦውን የሚከብበውን ስስ ሽፋን ሳይጥሱ ይቆያሉ፤ ሐኪሞች ይህን «ከቦታው ያልወጣ ነቀርሳ» ይሉታል። ሽፋኑን ጥሰው ወደ ጎረቤት ሥጋ ሲገቡ ግን ወራሪ ነቀርሳ ይባላል። ከዚያም በብብት ወዳሉት ዕጢዎች፥ በደምም አማካይነት ወደ አጥንት፥ ወደ ጉበት፥ ወደ ሳንባና ወደ አንጎል ሊደርስ ይችላል። ሁሉም ይህንን ጎዳና እስከ መጨረሻው አይሄድም፤ ባለበት ደረጃ ላይ የሚቀርም አለ።

በየደረጃው ምን ዐይነት ለውጥ እንደሚታይ ጥቂት ልጥቀስ። የሳይክሊን ዲ አንድ ዘረ መል በ11ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። ከመቶ የጡት ነቀርሳ በ15ቱ ያህል ይህ ዘረ መል ከሁለት ቅጂ አልፎ ብዙ ሆኖ ይገኛል፤ ፕሮቲኑ በዝቶ የሚገኝባቸው ደግሞ እስከ ግማሽ ያህል ይደርሳሉ። ይህም መብዛት ነቀርሳው ከቦታው ሳይወጣ ጀምሮ ይታያል፤ ስለዚህ ከቀደሙት ለውጦች አንዱ ነው። ነገሩ ምክንያት እንጂ ምልክት ብቻ አለመሆኑ በአይጥ ተፈትኗል። በ1994 ዓ.ም. በጡታቸው ሳይክሊን ዲ አንድ እንዲበዛ የተደረጉ አይጦች ዘግይተው የጡት ነቀርሳ አወጡ፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ይህ ፕሮቲን ጨርሶ የሌላቸው አይጦች ከአንዳንድ የጡት ነቀርሳ ዐይነቶች እንደሚጠበቁ ታየ።

በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ ደግሞ ሁለት ነገር አለ። ሄር ሁለት የተባለው ዘረ መል ከመቶ በ15 እስከ 20 ያህሉ ይበዛል፤ እርሱም ከሕዋሱ ቆዳ ላይ ሆኖ «ተከፋፈል» የሚለውን ትእዛዝ ያለ ዕረፍት ወደ ኬላው ይልካል። የተቆጣጣሪው የፒ ሃምሳ ሦስት ዘረ መልም በዚሁ ክሮሞዞም ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. በታተመ ሰፊ ጥናት፥ ይህ ዘረ መል በጠቅላላው ከመቶ በ37ቱ ተበላሽቶ ተገኝቷል። ነገር ግን ይህ በሁሉ እኩል አይደለም፤ ዝግ ብሎ በሚሄደው ዐይነት ከመቶ በ12ቱ ብቻ ሲሆን፥ ፈጥኖ በሚበረታው ዐይነት በ80ው ታይቷል።

ከዚህ ቍጥር አንድ ትልቅ ነገር እንረዳለን። የጡት ነቀርሳ አንድ በሽታ ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ጎዳና ያለው ነው። አንዱ ጎዳና ለኤስትሮጅን ለተባለው የሴት ሆርሞን የሚታዘዝና ዝግ ያለ ነው፤ ሌላው ተቆጣጣሪውን አስቀድሞ ያጠፋና የሚፈጥን ነው። በሁለቱም ጎዳናዎች ላይ ግን አንድ ሕግ ይሠራል። ኬላው ከተሰበረ በኋላ እያንዳንዱ መከፋፈል ለአዲስ ስሕተት አዲስ ዕድል ይከፍታል፤ ስሕተቱም ሲጨመር ይበልጥ የሚከፋፈለው፥ ይበልጥ ቦታ የሚለቀውና መድኃኒት የማይበግረው ዘር ይመረጣል። ስለዚህ የጊዜ መራዘም ማለት የሕዋሳት ቍጥር መብዛት ብቻ ሳይሆን የሕዋሳቱም ጠባይ መክፋት ነው።

ይህንን ለተማሪዎች በሒሳብ ማሳየት ይቻላል። አንድ ሕዋስ ሁለት፥ ሁለቱ አራት እያሉ 30 ጊዜ ቢባዙ ቍጥራቸው 1,073,741,824 ይሆናል። አንድ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፥ በጣት የሚዳሰስ እብጠት አንድ ቢሊዮን ያህል ሕዋሳት እንዳሉት ይገመታል። ከዚያ በኋላ ዐሥር ጊዜ ብቻ ቢጨምሩ አንድ ሺህ እጥፍ ይሆናሉ። በእውነተኛው አካል ብዙ ሕዋሳት በመንገድ ላይ ስለሚሞቱ አካሄዱ እንዲህ ቀጥተኛ አይደለም፤ ቢሆንም ሒሳቡ ነገሩን ያስረዳል። እብጠቱ በተዳሰሰ ጊዜ በሽታው ከመንገዱ ብዙውን ሄዷል፤ ከዚያ በኋላ የሚባክነው እያንዳንዱ ወር ካለፉት ወራት ይልቅ ውድ ነው። እናንተም የሰሊጥን ጠባይ ታውቃላችሁ፤ ፍሬው በደረሰ ጊዜ ካልታጨደ ከረጢቱ ይከፈትና ዘሩ ይረግፋል። ሳይረግፍ የደረሰበት አጫጅ ሙሉውን ይሰበስባል፤ ከረገፈ በኋላ ግን እያንዳንዷን ፍሬ ከአፈር ለመልቀም መድከም ነው።

«ይህ በሽታ ከዘር የሚመጣ ነውን?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ከመቶ ከ5 እስከ 10 ያህሉ በውርስ በተላለፈ ለውጥ ይመጣል። ሜሪ ክሌር ኪንግ የተባለችው ሳይንቲስት በ1990 ዓ.ም. ቢ አር ሲ ኤ አንድ የተባለውን ዘረ መል ስፍራ በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ አመለከተች፤ በ1994 ዓ.ም. ዘረ መሉ ራሱ ተለየ። ይህም የተበላሸ ጽሕፈትን ከሚያርሙት ወገን ነው። የቀረው አብዛኛው ግን በሕይወት ዘመን ውስጥ የሚደርስ ለውጥ ነው፤ ለልጅም አይተላለፍም። ስለዚህ አንዲት ሴት ታመመች ተብሎ የልጆቿ ጋብቻ የሚታወክበት፥ ቤተሰቧም በርግማን የሚታማበት ምክንያት የለም።

የዘረ መሎቹ ጥናት ለበሽተኛ ምን ጠቀመ? በጣም ጠቀመ። ኤስትሮጅን በጡት ሕዋስ ውስጥ ከሚያዝዛቸው ነገሮች አንዱ የሳይክሊን ዲ አንድ መብዛት ነው። ታሞክሲፈን የተባለው እንክብል ይህንን ትእዛዝ በመንገድ ላይ ይከለክላል። መድኃኒቱ በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ተሠራ፤ ከ1970ዎቹም ጀምሮ ለጡት ነቀርሳ ዋለ። በሽታቸው ለኤስትሮጅን የሚታዘዝ ሴቶች ለአምስት ዓመት በየቀኑ ቢወስዱት፥ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት አንድ ሦስተኛ ያህሉን እንደሚያድን በብዙ ሺህ ሴቶች ላይ ተረጋግጧል። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታከሙ ሴቶችን የመረመረ ጥናት ደግሞ፥ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል በሽታቸው ከዚህ ወገን መሆኑን አሳይቷል። «የአፍሪካ ሴቶች በሽታ ሁሉ የማይበገር ነው» የሚለው አስተሳሰብ እንግዲህ ለኢትዮጵያ አይሠራም። ውድ ያልሆነ እንክብል የሚረዳቸው ብዙዎች አሉ፤ ነገር ግን ምርመራ ያላገኘች ሴት ከየትኛው ወገን እንደ ሆነች አይታወቅላትም።

በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ ፓልቦሲክሊብ የተባለ መድኃኒት ተፈቀደ። እርሱ ቀጥታ ሲዲኬ አራትንና ስድስትን ይይዛል፤ ማለትም ዘበኛው አርቢ እጁ እንዳይላላ ያደርጋል። ከእርሾ የተጀመረው ምርምር ወደ በሽተኛ አልጋ የደረሰበት መንገድ ይህ ነው። ዋጋው ግን ለብዙዎች የሚደረስበት አይደለም። በተጨማሪም አንዳንዱ ነቀርሳ በሕክምናው መካከል አርቢን ራሱን ያጠፋል፤ ዘበኛ በሌለበት ኬላ በሩን ማጥበቅ ምን ይጠቅማል? በሽታው በቆየ ቍጥር መውጫ ማበጀቱን ከዚህም እናያለን።

አሁን ወደምንኖርበት ስፍራ እመለሳለሁ። ዶካ ከገዳሪፍ ወደ ገላባት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፥ የማሽላና የሰሊጥ አገር መካከል ናት። በአጠገቧ ያለው የኡም ራኩባ ሰፈር በ1980ዎቹ ከኢትዮጵያ የተሰደዱትን አስጠግቶ ነበር፤ ከኅዳር 2020 ዓ.ም. ጀምሮም እንደ ገና ብዙ ሺህ ሰው ተቀብሏል። በመከር ጊዜም አያሌ የቀን ሠራተኞች ድንበር ይሻገራሉ። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ በካርቱም የነበረው የጨረር ሕክምና ተቋረጠ። በታኅሣሥ 2023 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ዋድ መደኒ ሲደርስ በዚያ የነበረውም የነቀርሳ ሕክምና ታወከ፤ ከተማዋ በጦር ሠራዊቱ እጅ የተመለሰችው በጥር 2025 ዓ.ም. ነው። በኢትዮጵያም በኩል ቢሆን ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር።

ሕክምና በመካከል ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ከላይ ከተናገርሁት ይከተላል፤ ያልጠፉት ሕዋሳት መከፋፈላቸውን ይቀጥላሉ። ስለዚህ በሽተኛ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር ስትሄድ ሕክምናዋን ከቆመበት የሚያስቀጥልላት አንድ ነገር ወረቀቷ ነው። የሥጋው ምርመራ ውጤት፥ የሆርሞን ምርመራው፥ የወሰደችው መድኃኒት ስምና መጠን፥ የቀዶ ሕክምናው ቀን፤ እነዚህ ከልደት ማስረጃና ከትምህርት ወረቀት ጋር በአንድ መያዣ መቀመጥ አለባቸው። ወረቀት ማንበብና መጠበቅ የሚያውቅ መምህር በዚህ ብቻ የሰው ሕይወት ሊረዳ ይችላል።

ከዚህ ሌላ ልናደርግ የምንችለውን በአጭሩ ልዘርዝር።

አንደኛ፥ ምልክቶቹን በግልጽ ማስተማር ነው። በጡት ወይም በብብት የሚዳሰስ፥ ብዙውን ጊዜ የማያምም ጓጎላ፤ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የሚሰረጎድ ቆዳ፤ ወደ ውስጥ የሚሳብ የጡት ጫፍ፤ ከጫፉ የሚወጣ ደም፤ እነዚህን ያየች ሴት ፈጥና ወደ ሐኪም ትሂድ። ከእብጠቶች ሁሉ አብዛኞቹ ነቀርሳ አይደሉም፤ ይህም መነገር አለበት፥ ፍርሃት ሰውን ያስቀራልና። «አያምመኝም» ማለት ግን ዋስትና አይደለም። ከመቶ አንድ ያህሉ በሽተኛ ወንድ መሆኑንም ወንዶች ይወቁ።

ሁለተኛ፥ «ቢላዋ የነካው ይዛመታል» የሚለውን አስተሳሰብ ማረም ነው። ሰው እንዲህ የሚለው ዘግይተው የታከሙ ሲሞቱ ስላየ ነው፤ የገደላቸው ግን መዘግየቱ እንጂ ቢላዋው አይደለም። በእሳት መተኮስና ቅጠል መለጠፍ ኬላውን የሚጠግን ኀይል የላቸውም፤ ወራትን ይወስዳሉ። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ጥንቃቄን እንጂ መዘግየትን ለማስተማር አይደለም።

ሦስተኛ፥ መምህራት በየትምህርት ቤታቸው በወር አንድ ጊዜ፥ ለግማሽ ሰዓት፥ ከአዋላጅ ነርስ ጋር ሆነው እናቶችን ሰብስበው ማነጋገር ይችላሉ። ለዚህ አንድ ክፍልና አንድ መጋረጃ ይበቃል።

አራተኛው ለክቡራን የትምህርት ሹማምት ነው። የማውቃት አንዲት መምህርት በጡቷ ላይ ጓጎላ ባገኘች ጊዜ ለስምንት ወር ደበቀችው። የደበቀችው አላዋቂ ስለ ነበረች አይደለም፤ ሳይንስ አስተማሪ ነበረች። ነገር ግን በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ከእርሷ በፊት ታምማ የቀረች መምህርት ቦታዋ ለሌላ ተሰጥቶባት ስለ ነበር፥ እንጀራዬን አጣለሁ ብላ ፈራች። ወደ ሐኪም በሄደች ጊዜ በሽታው ብብቷ ደርሶ ነበር። ታከመች፤ ተመልሳም ሁለት የትምህርት ዓመት አስተማረች፤ ዛሬ በሕይወት የለችም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ነገር ግን ሰው በሽታውን እንዲደብቅ የሚያስገድድ ሥርዓት ካለ፥ ጥፋቱ የበሽተኛው ብቻ አይደለም። የታመመች መምህርት ለምርመራና ለሕክምና ፈቃድ እንድታገኝ፥ ደመወዟና ቦታዋም እንዲጠበቅላት በየመሥሪያ ቤታችሁ በጽሑፍ እንድታጸኑ በትሕትና እለምናለሁ።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 ዓ.ም. ባወጣው ዕቅድ ሦስት ግቦች አስቀምጧል፤ ከመቶ በሽተኞች ቢያንስ 60ው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ሳሉ እንዲታወቁ፥ ሐኪም ካዩ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራቸው እንዲያልቅ፥ ከመቶ 80ው ሕክምናቸውን እንዲፈጽሙ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሆስፒታል፥ መድኃኒትና ሰላም ይፈልጋሉ፤ እነዚህ ከእኛ ሥልጣን በላይ ናቸው። የመጀመሪያው ግን በአብዛኛው ቃል ይፈልጋል፤ ቃል ደግሞ የመምህር መሣሪያ ነው።

በመጨረሻ ማኅበራችን በሚቀጥለው ስብሰባ ሁለት ነገር እንዲወስን አሳስባለሁ። የመጀመሪያው፥ የሕዋስ መከፋፈል በሚሰጥበት የሳይንስ ትምህርት ውስጥ ስለዚህ በሽታ አንድ ክፍለ ጊዜ እንዲገባ ነው፤ ሁለተኛው፥ የመምህራት ፈቃድ ጉዳይ በጽሑፍ ለሹማምት እንዲቀርብ ነው። ረቂቁን አዘጋጅቼ ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ።